ጥፋቱ የቤንዚኑ አልነበረም

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ዳገቱን ስወጣ አሮጌዋ ኮሮላዬ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ በሰጠኋት ቁጥር በጣሳ ውስጥ እንደሚንኳኳ ጠጠር ያለ ድምፅ ታሰማ ስለነበር፣ በቤንዚኑ አሳብቤ የኦክቴን (ቤንዚኑ ያለጊዜው ነድዶ ሞተር እንዳያንኳኳ የመቋቋም አቅሙን የሚያሳይ ቁጥር) ማሳደጊያ ገዝቼ ጨመርኩ፤ ገንዘቤ ብቻ ባከነ። መመሪያዋ የሚጠይቀው 87 ኦክቴን ነው፤ ይህ ግን የአሜሪካ አቆጣጠር በመሆኑ በሌላው አገር በተለመደው ልኬት ወደ 91 ይጠጋል፤ ቁጥሮቹን ሳያስተያዩ ከፍ ያለ ቤንዚን መፈለግ ትርፉ ወጪ ነው። ደግሞም ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ሲሊንደር ውስጥ የሚገባው አየር ስስ ሆኖ ግፊቱን ስለሚቀንሰው፣ ማንኳኳቱ ሊቀልላት እንጂ ሊብስባት አይገባም ነበር። መካኒኩ የካንዴላውን የእሳት ጊዜ በመብራት ሲለካው፣ 10 ዲግሪ መሆን የሚገባው 18 ሆኖ ተገኘ፤ ለካስ የምታንኳኳው እሳቱ ከጊዜው ቀድሞ ስለሚነሳ ነበር። እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን ክፍል፣ ዲስትሪቢውተሩን፣ ብሎኑን አላልቶ በጣት ስፋት እንኳ ሳይሞላ አዞረውና አጠበቀው። በማግስቱ በዚያው ቤንዚን፣ በዚያው ማርሽ ዳገቱን ስወጣ ድምፁ የለም።