ሠንጠረዡን እንዳለ የመለሰልኝ የጄሰን መጠይቅ

በፖስትግሬስ ዳታቤዝ የዕቃዎችን ዝርዝር በጄሰን (መረጃን በስምና በእሴት ጥንድ በሚይዝ ቅርጸት) ዓምድ አስቀምጬ፣ ዋጋቸው ከ100 የሚበልጠውን ብቻ ማውጣት ፈለግሁ። @? የተባለውን ኦፕሬተር ይዤ መንገዱን (በጄሰኑ ውስጥ የሚፈለገውን የሚጠቁመውን አገላለጽ) '$.ዋጋ > 100' ብዬ ጻፍሁ። የስህተት መልእክት አልመጣም፤ ነገር ግን ዋጋው 5 የሆነው ዕቃ እንኳ ሳይቀር ሠንጠረዡ እንዳለ ተመለሰ።

ቁጥሮቹ እንደ ጽሑፍ ገብተው ይሆናል ብዬ መረጃውን ስመረምር ግማሽ ቀን አለፈ። መረጃው ጤነኛ ነበር። ለካ @? የሚጠይቀው «ይህ መንገድ የሚመልሰው ነገር አለ ወይ?» ብቻ ነው። '$.ዋጋ > 100' ደግሞ ምንጊዜም አንድ መልስ ይሰጣል፤ እውነት፣ ሐሰት ወይም ናል (ያልታወቀ)። ሐሰትም መልስ ነውና ረድፉ ያልፋል!

ንጽጽሩን ወደ ማጣሪያ ቀይሬ '$.ዋጋ ? (@ > 100)' ብዬ ስጽፈው የፈለግኋቸው ረድፎች ብቻ መጡ። መንገዱን ሳይነኩ @? የነበረውን በ@@ መተካትም ይሠራል፤ @@ የንጽጽሩን መልስ ራሱን ያያልና። እኔ ግን ማጣሪያውን እመርጣለሁ፤ ሌላ ቅድመ ሁኔታ ሲጨመርበት ለማንበብ አያስቸግርም።

መጠይቁ በጃቫ ድራይቨር (የጃቫን ፕሮግራም ከዳታቤዙ ጋር በሚያገናኘው) በኩል የሚላክ ከሆነ ኦፕሬተሩን @?? ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ድራይቨሩ የጥያቄ ምልክቱን በኋላ እሴት የሚሞላበት ክፍት ቦታ አድርጎ ይወስደዋል።