የረጋ ማር፣ ክሪስታል ብርጭቆና ሌሎች የምንሳሳትባቸው ነገሮች

እናቴ ኅዳር ላይ ሦስት ኪሎ ማር ገዛች። ወለላ ነበር፣ ማንኪያ ላይ እንደ ክር የሚወርድ። ጥር ሲገባ ከሥሩ ነጭ አሸዋ የመሰለ ነገር ያዘ፤ ከዚያ እያደር ወደ ላይ ወጣ። «ስኳር ቀላቅሎብኛል» አለችና ዕቃውን ይዛ ነጋዴው ጋ ሄደች። ሰውየው ምሎ ተገዘተ። እሷ አልሰማችውም፤ አብሬያት የሄድኩት እኔም አልሰማሁትም።

ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። ማሩ ንጹሕ ነበር ብዬ አልመሰክርለትም፤ መርጋቱ ግን ማስረጃ አይሆንበትም ነበር። ማሩ የሠራው ክሪስታል ነው። እኛ ክሪስታል ሲባል የሚታየን የሚያብረቀርቅ ነገር ብቻ ነው። ማብረቅረቅ ግን መለኪያው አይደለም። ክሪስታል ማለት በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶቹ በሰልፍ ቆመው፣ ያው አደራደር ከዳር እስከ ዳር እየተደጋገመ የሚሄድበት ነገር ነው። ጨው ክሪስታል ነው። ስኳርም፣ በረዶም። የበር ቁልፋችሁ ብረት ሳይቀር በጥቃቅን ክሪስታሎች የተሞላ ነው። ይህን ካለማወቅ የሚመጡ ስህተቶች ደግሞ ገንዘብም ጤናም ያስከፍላሉ።

የረጋ ማር ተበላሽቷል ማለት

ማር ውስጥ ያለው ውሃ ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ አይበልጥም። የቀረው በአብዛኛው ስኳር ነው፤ ዋናዎቹ ፍሩክቶስና ግሉኮስ ናቸው። ያቺ ትንሽ ውሃ ያንን ሁሉ ግሉኮስ መሸከም አትችልም። ስለዚህ ትርፉ ቀስ እያለ ይወጣና ይሰለፋል። ማሩ ረጋ የምንለው ያኔ ነው። ንቧ የቀሰመችው አበባ ግሉኮስ የሚበዛበት ከሆነ ቶሎ ይረጋል፤ ፍሩክቶስ የሚበዛበት ከሆነ ወራት ይቆያል። የትግራይን ነጭ ማር የሚያውቅ ሰው በዚህ አይደነግጥም። እሱ ረግቶ ነው የሚወደደው።

ማር ለመርጋት በጣም የሚመቸው 14 ዲግሪ አካባቢ ነው። የአዲስ አበባ ወጥ ቤት በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ አስቡት። ከነጋዴው ይልቅ ወሩን ብንከስ ይሻል ነበር።

ትልቁ ጥፋት ግን የሚመጣው ማሩን «ለመመለስ» ስንሞክር ነው። ድስት ላይ ጥዶ ማፍላት፣ ማይክሮዌቭ ውስጥ መክተት። ማሩ እውነትም ይቀልጣል። ሽታውና ኢንዛይሙ ግን አብሮ ይሄዳል። የሚሻለው ዕቃውን እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ ከ40 ዲግሪ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ውሃው ሲቀዘቅዝ ለውጡት። ትዕግሥት ይጠይቃል። ትዕግሥት ከሌላችሁ ዳቦ ላይ እንደረጋ ቀቡት፤ ለእኔ እንዲያውም ያ ይበልጥብኛል።

ክብሪት ማርጠብ፣ ውሃ ውስጥ ማንጠባጠብ የሚባሉት የመንደር ፈተናዎች ስኳር የተቀላቀለበትን ማር በእርግጠኝነት አይለዩም። እሱን የሚለየው ላቦራቶሪ ነው። መጠንቀቅ ያለባችሁ ሌላ ነገር ነው፤ ግማሹ ረግቶ ከላይ የቀረው ፈሳሽ ከቀጠነ፣ እዚያ ላይ ውሃው በዝቷልና ሊፈላ ይችላል። ለጠጅ ካሰባችሁት ግን ምን ቸገራችሁ።

ክሪስታል ብርጭቆን ክሪስታል ነው ብሎ ማመን

ቡፌ ውስጥ ተቆልፎ፣ ለሠርግና ለክርስትና ብቻ የሚወጣውን ብርጭቆ ታውቁታላችሁ። ክሪስታል ይባላል እንጂ አይደለም። መስታወት የክሪስታል ተቃራኒ ነው። ሲቀዘቅዝ ቅንጣቶቹ ለመሰለፍ ጊዜ ሳያገኙ፣ እንደተዘበራረቁ ደርቀው የቀሩ ነገር ነው።

የሚያብረቀርቀው እርሳስ ስላለበት ነው፤ የምንጽፍበት ሳይሆን ብረቱ። ጆርጅ ራቨንስክሮፍት የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1674 ክሪስታል ለሚመስል መስታወት የፈጠራ መብት አወጣ። እርሳስ ሲጨመርበት መስታወቱ ይከብዳል፣ ብርሃኑን ይሰብራል፣ በጥፍር ሲመቱት እንደ ደወል ይጮኻል። በአውሮፓ ሕግ አንድ ዕቃ የእርሳስ ክሪስታል ተብሎ ለመሸጥ ቢያንስ 24 በመቶ የእርሳስ ኦክሳይድ ሊኖረው ይገባል። አሁን አሁን ያለ እርሳስ የሚሠሩም ብዙ ናቸው።

ስህተቱ እርሳስ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ መጠጥ ማሳደር ነው። ውስኪም ሆነ ጠጅ ሳምንታት ሲቆይ እርሳሱን ከመስታወቱ ውስጥ ቀስ እያለ ይስባል። ሎሚና ብርቱካን ያለበት መጠጥም እንዲሁ። ለአንድ ማታ ቀድቶ መጠጣትና ከርሞ የሚቆይ መጠጥ ማስቀመጥ አንድ አይደሉም። ነፍሰ ጡርና ልጅ ግን ለአንድ ማታም ባይጠጡበት ይመረጣል።

የወሎን ኦፓል እንደ ሌላ ድንጋይ መያዝ

ደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ ኦፓል የሚባለው የጌጥ ድንጋይ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ዛሬ አሜሪካ ላለች እህት የሚላክ ቀለበት ሆኗል። እሱም ክሪስታል አይደለም፤ ቅንጣቶቹ እንደ መስታወቱ የተዘበራረቁ ናቸው። የተሰለፉት ቅንጣቶቹ ሳይሆኑ ከነሱ የተሠሩት ኳሶች ናቸው፤ እጅግ ጥቃቅን የሲሊካ (የአሸዋ ዋና ማዕድን) ኳሶች ልክ ብርቱካን ሻጭ እንደሚደረድረው ተደርድረው ብርሃኑን ይከፋፍሉታል። ያ ሁሉ አረንጓዴና ቀይ የሚመጣው ከዚያ ነው፤ የተነከረበት ቀለም የለም።

የወሎው ኦፓል ግን አንድ ጠባይ አለው። ውሃ ይጠጣል። ቀለበቱን እንዳጠለቁ ልብስ ማጠብ ስትጀምሩ ድንጋዩ እንደ መስታወት ጥርት ይላል፣ ቀለሙም ይጠፋል። ሰው ያኔ «ፎርጅድ ሸጡልኝ» ይላል። ፎርጅድ አይደለም። ጥላ ያለበት ቦታ አስቀምጡትና ተዉት፤ ከቀናት በኋላ ቀለሙ ይመለሳል። ፀሐይ ላይ ማስጣት ወይም በፀጉር ማድረቂያ ማሞቅ ግን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ከውሃ ይልቅ የሚያሰጋው ቅባቱ ነው። ሎሽን፣ ሽቶ፣ የወጥ ዘይት፣ ሳሙና። ውሃ ተንኖ ይሄዳል፤ ዘይት ግን ገብቶ ይቀራል፣ ድንጋዩም ቢጫ ይላል። «እንዳይደርቅ ዘይት ቀቡት» የሚል ምክር ከሰማችሁ ለወሎ ኦፓል አይሠራም። ወጥ ከመሥራታችሁ በፊት አውልቁት፣ አለቀ።

የቅርጫ ሥጋን በትልቁ ፍሪዘር ውስጥ መክተት

በዓል ያልፋል፣ አራት ኪሎ የምትሆነው መደብ በአንድ ፌስታል ታስራ ፍሪዘር ትገባለች። ከሳምንት በኋላ ስትወጣ ሳህኑ ላይ ቀይ ውሃ ትለቃለች። ስትጠበስም ትደርቃለች። በሬው ሽማግሌ ስለሆነ ላይሆን ይችላል።

ክሪስታል ቀስ ብሎ ሲያድግ ይተልቃል፤ ሲጣደፍ ጥቃቅን ሆኖ ይቀራል። ሕጉ ለበረዶም ይሠራል። ትልቅ ሥጋ መሐሉ እስኪቀዘቅዝ ረጅም ሰዓት ይፈጃል። በዚያ ሰዓት ውስጥ ሥጋው ውስጥ ያለው ውሃ ትልልቅ የበረዶ ክሪስታል ይሠራና ሥጋውን ከውስጥ ይቦጫጭቀዋል። በረዶው ሲለቅ ጭማቂው በተቦጨቀው በኩል ይፈሳል። አንዴ የቀለጠውን መልሶ ማቀዝቀዝ ደግሞ ያንኑ ጉዳት ሁለተኛ ጊዜ ማድረስ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ለአንድ ወጥ የሚበቃውን እየመደባችሁ፣ ፌስታሉን ጠፍጠፍ አድርጋችሁ፣ ሳትደራርቡ አስቀምጡ።

የቆረጠመን ሁሉ ሪህ ማለት

እኛ አገር ጉልበት ቆረጠመም፣ ወገብ ያዘም፣ ጣት አበጠም ሪህ ነው። ሰውየው ወዲያው ሥጋ ይከለከላል። ከሥጋ ጋር የሚያያዘው ሪህ ግን አንድ የተለየ በሽታ ነው፤ እሱም የክሪስታል በሽታ ነው። ደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ ሲበዛ፣ ልክ እንደ ማሩ ግሉኮስ፣ ትርፉ ወጥቶ መገጣጠሚያ ላይ ይሰለፋል። ክሪስታሉ እንደ መርፌ የሾለ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከእግር አውራ ጣት ነው፤ ሌሊት፣ ድንገት፣ አንሶላ እንኳ ሲነካው እስኪያስጮህ ድረስ።

በእርግጠኝነት የሚታወቀው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ተቀድቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። ስለዚህ ሳይመረመሩ ክትፎና ዱለት መተው ሌላ ዓይነት የመገጣጠሚያ ሕመም ላለበት ሰው ያን ያህል አይረዳውም። የእውነት ይህ ሪህ ያለበት ደግሞ ሥጋውን ትቶ ቢራውን ካልተወ ራሱን እያታለለ ነው። ሌላው ስህተት ሕመሙ ስለተወ ብቻ ሐኪም ያዘዘውን ዩሪክ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ማቆም ነው። ሕመሙ ሄደ ማለት ክሪስታሉ ሟሟ ማለት አይደለም። ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ድንጋይ የነከሩበትን ውሃ መጠጣት

ቲክቶክ ላይ «ኃይል አለው» ተብሎ ድንጋይ በውሃ ነክሮ መጠጣት መጥቷል። ድንጋዩ በሽታ ያድናል የሚለውን ሳይንስ አላረጋገጠም፣ ጌጥ አድርጉት። መጠጣቱ ላይ ግን ተዉ። ያ የሚያምረው አረንጓዴ ማላካይት ውስጡ መዳብ ነው። ጋሌና የሚባለው እርሳስ ነው።

ኳርትዝን የሰዓት ማርካ አድርጎ ማየት

ይኼ እንኳ ማንንም አይጎዳም፣ ኪስ ካልሆነ በስተቀር። ሰዓት ፊት ላይ «ኳርትዝ» የሚለው ጽሑፍ የፋብሪካ ስም አይደለም። ውስጡ ያለችው ትንሽ ክሪስታል ናት። ባትሪው ሲነካት በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትንቀጠቀጣለች፤ ያ ቁጥር 15 ጊዜ ለሁለት ሲከፈል አንድ ይመጣል፣ አንዱም ሰከንድ ነው። ሴይኮ እ.ኤ.አ. በ1969 የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ ሲያቀርብ ዋጋው የመኪና ያህል ነበር። ዛሬ መርካቶ መሬት ላይ ተነጥፎ የሚሸጠውም ያችው ክሪስታል አለችው። አጎቴ ይህን ሁሉ አስረዳሁት፣ ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ። በማግስቱ አሮጌ ሰዓቱን ለጎረቤት ሲሸጥ «ኳርትዝ ነው፣ ኦሪጅናል» ብሎ ሁለት መቶ ብር ጨመረበት።