ከግሉተን ነፃ ምግብ ስትሠሩ የምትሳሳቱባቸው ቦታዎች

ድሬዳዋና ሐረር ውስጥ ሴሊያክ (ግሉተን የሚባለው የስንዴና የገብስ ፕሮቲን አንጀት የሚጎዳበት በሽታ) የተገኘበት ልጅ ወይም ዘመድ ያላቸው ሰዎች ምን እናብላው እያሉ ይጠይቁኛል። ዳቦና ፓስታ መቅረት እንዳለበት ሁሉም ያውቃል። የሚሳሳቱት ሌላ ቦታ ላይ ነው።

ሳይመረመሩ ስንዴ ማቆም

ሆድ እየተነፋ ሲያስቸግር፣ ተቅማጥ ሲመላለስ፣ ልጅ አልወፍር ሲል መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂዱ። የደም ምርመራው የሚፈልገው ሰውነት ለግሉተን የሚሰጠውን ምላሽ ነው። ቀድማችሁ ካቆማችሁ በሽታው እያለ ውጤቱ «የለም» ሊል ይችላል።

ገብስን መርሳት

ግሉተን ገብስም ውስጥ አለ። በሶ፣ ጭኮ፣ የገብስ ቆሎ፣ ጠላ፣ ቢራ ይቀራሉ። የታመመ ሲጠየቅ የገብስ ገንፎ ተሠርቶ በሚመጣበት አገር እምቢ ማለት ይከብዳል፤ ግን ተናገሩ። የበቆሎ ወይም የማሽላ ገንፎ ሲሠራላችሁ ፍቅሩ ያው ነው። ኩስኩስም ስንዴ ነው፤ ሶያ ሶስ ውስጥም አብዛኛውን ጊዜ ስንዴ አለ።

እንጀራ ሁሉ ጤፍ ነው ብሎ ማመን

ጤፍ፣ ማሽላ፣ ሩዝና በቆሎ ግሉተን የላቸውም። የሚገዛው እንጀራ ግን ቅልቅል ሊሆን ይችላል፤ ጤፍ ሲወደድ የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄት የሚጨምሩ አሉ። እርሾም ከጎረቤት አትዋሱ፤ ሊጧ ስንዴ ካለበት እርሾው ይዞት ይመጣል። መቡካቱ አያጠፋውም፣ ምጣዱም አያጠፋውም።

ወፍጮ ቤቱን አለማየት

ትዕግሥቴ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ሰዎች ጤፉን ከቀፊራ ገበያ መርጠው ይገዛሉ፣ ያበጥራሉ፣ ይነፋሉ፣ ከዚያ ስንዴ ሲፈጭበት በዋለ ወፍጮ ያስፈጩታል። ልጁ እንደገና ሲታመም ጤፉም አልተስማማውም ይሉኛል። ጤፉ ምን አደረገ?

እስቲ አብረን እናስላ። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደንብ ከግሉተን ነፃ የሚባል ምግብ በኪሎ ከ20 ሚሊ ግራም በላይ ግሉተን እንዳይኖረው ይላል። 10 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ ማለት አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል፣ ወደ 1 ግራም የሚጠጋ ግሉተን አለው። ይህ 25 ኪሎ ጤፍ ውስጥ ቢገባ በኪሎ ወደ 40 ሚሊ ግራም ይደርሳል። ወፍጮው ውስጥ ተጣብቆ የሚቀረው ደግሞ አንድ ማንኪያ ብቻ አይደለም።

አንዲት እናት ይዤ ሄጄ ባለወፍጮውን «ወንድሜ፣ ከስንዴ በኋላ እንዳትፈጭልን» ስለው «እህቴ፣ ጠርጌዋለሁ እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ጠርጓል። መጥረጊያው ግን ራሱ በዱቄት ነጭ ሆኖ ነበር። ጤፉን በበርበሬው ወፍጮ ፍጭልን ብለው ኖሮ እሱ ራሱ ይከለክለኝ ነበር። በርበሬ በቀለሙም በጠረኑም ይታወቃል፤ ስንዴ አይታወቅም። ሰው የሚዘናጋው ለዚህ ነው።

የሚበጀው ለቤት የሚሆን ትንሽ የኤሌክትሪክ ወፍጮ ነው፤ ዋጋው ከከበደ ችግሩ ያለባቸው ቤተሰቦች አዋጥተው ይግዙት። ሽሮና በርበሬም እዚያው ይፈጩ።

ያለ ግሉተን የስንዴ ዳቦ ለመሥራት መታገል

በስንዴው ልክ የጤፍ ዱቄት ለክተው ያቦኩና ዳቦው ተፈረካከሰ ይላሉ። ሊጡን የሚያያይዘው ግሉተኑ ነበር። የተፈጨ ተልባ በውሃ ተለውሶ ሲወፍር ትንሽ ያግዛል። እኔ ግን ስንዴ የማያስፈልጋቸውን የሌላ አገር ምግቦች ተማሩ እላለሁ።

ዶሳ የሚባለው የደቡብ ሕንድ ስስ ቂጣ ለእኛ የተሠራ ነው የሚመስለኝ፤ ወፍጮ ቤት አያስኬድም። ሦስት ሲኒ ሩዝ፣ አንድ ሲኒ ምስር ክክ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አብሽ። ሕንዶቹ ኡራድ በሚባል ጥራጥሬ ነው የሚሠሩት፤ በምስርም ይሆናል። ምስሩን በደንብ ልቀሙት፣ የስንዴ ፍሬ አይጠፋበትም። አምስት ስድስት ሰዓት ዘፍዝፉና በመፍጫ ማሽን አድቅቁት፤ ውፍረቱ የእንጀራ ሊጥ ያህል ይሁን። ማታ ሲቀመጥ ድሬ ላይ ጠዋት ኩፍ ብሎ ታገኙታላችሁ፣ ስለዚህ ዕቃው ሰፊ ይሁን። ሐረር ከድሬ ወደ 700 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፤ እስከ ረፋድ ጠብቁት። ጨው ጨምሩና ዳቦ ተጋግሮበት በማያውቅ መጥበሻ ላይ በስሱ አስፉት።

ቶርቲላ የሚባለውን የሜክሲኮ የበቆሎ ቂጣ በተራ የበቆሎ ዱቄት አትሞክሩ፤ ይሰነጣጠቃል። እነሱ በቆሎውን በኖራ ውሃ ቀቅለው ነው የሚፈጩት።

የመጥበሻ ዘይት

ባጂያ ጥራጥሬ ብቻ ከሆነ ግሉተን የለውም። ሳምቡሳ በተጠበሰበት ዘይት ከወጣ ግን አይበላም። በረመዳን ማታ መንገድ ዳር ያለውን ተዉት፣ ቤት ጥበሱ።

አንድ ማዕድ

«ትንሽ ብትነካው ምን ይሆናል?» የሚል ዘመድ አይጠፋም። ሴሊያክ ያለበት ሰው ሕመም ሳይሰማውም አንጀቱ ይጎዳል። ዳቦ በያዘ እጅ የሚሰጥ ጉርሻም ያው ነው። ለልጁ የራሱን ሰሃን አውጡለት፣ ወጡም የማንም እጅና ጭልፋ ሳይገባበት አስቀድሞ ይቀዳለት። ሠርግ ከሆነ ከዋዜማው ለባለቤቶቹ ነግራችሁ እንጀራውን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ።