በአስቤስቶስ የታመመን የአሜሪካ ባቡር ሠራተኛ ካሣ የሚያሳጡ ስህተቶች

የእንፋሎት ባቡሩ ቦይለር ሙቀት እንዳያባክን የሚለብሰው ሙቀት የሚቋቋም ጭረታማ ማዕድን፣ አስቤስቶስ፣ ነበር፤ በተሳፋሪ ፉርጎዎች የሚያልፈው የእንፋሎት ቱቦ፣ ጋስኬቱና የፍሬን ሸራውም እንዲሁ። በጥገና ዴፖው ሽፋኑን የሚገፍፈውም፣ አጠገቡ ቆሞ ሌላ ሥራ የሚሠራውም ብናኙን ይስባል። እንደ ሜሶቴሊዮማ (በተለይ የሳንባ ሽፋንን የሚይዝ ካንሰር) ያለው በሽታ ግን ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 50 ዓመት ዘግይቶ፣ ሰውየው ጡረታ ከወጣ በኋላ ይመጣል። ካሣ የሚጠየቀውም ያኔ ነው፤ መብት የሚጠፋውም ያኔ ነው።

የተሳሳተ በር ማንኳኳት

አብዛኛው ሌላ የአሜሪካ ሠራተኛ ሥራ ላይ ሲጎዳ ወደ ክፍለ ግዛቱ የሠራተኞች ካሣ ይሄዳል። በክፍለ ግዛቶች መካከል የሚያጓጉዝ የባቡር ድርጅት ሠራተኛ ግን የሚዳኘው በ1908 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በወጣው የፌዴራል የአሠሪዎች ኃላፊነት ሕግ፣ በአጭሩ «ፌላ» ነው። በፌላ የድርጅቱን ቸልተኝነት ማስረዳት ግድ ነው፦ አደጋውን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው ጭንብል አለመስጠቱ፣ አለማስጠንቀቁ፣ አየር ማስወጫ አለማድረጉ። በምላሹ ቸልተኝነቱ ለበሽታው ጥቂት እንኳ ድርሻ ካለው ይበቃል፤ ለሕመምና ለስቃይም ይከፈላል። የከተማ ሜትሮ ሠራተኞች በአብዛኛው በዚህ ሕግ አይሸፈኑም። የባሏን የሥራ ልብስ ስታጥብ የታመመች ሚስትም የድርጅቱ ሠራተኛ ስላልነበረች መንገዷ የክፍለ ግዛት ሕግ ነው።

ይርጋውን ከተሳሳተ ቀን መቁጠር

ከሁሉ የከፋው ይኼ ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚታረም ነገር የለምና። ይርጋው፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ 3 ዓመት ነው። አንዳንዱ «ከዚያ ሥራ ከወጣሁ 40 ዓመት ሆነኝ» ብሎ ገና ሳይጀምር ይተወዋል። ስህተት ነው፤ የአሸዋ ብናኝ ሳንባውን የጎዳው አንድ የባቡር ምድጃ አንዳጅ ባቀረበው ክስ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1949 እንዲህ ያለ በሽታ ከታየበት ጊዜ ጀምሮ እንደሚቆጠር ወስኗል። ሌላው ደግሞ ስፔሻሊስቱ የመጨረሻ ውጤት እስኪሰጠው ይጠብቃል። ፍርድ ቤት የሚያየው መታመምዎንና ምክንያቱ ሥራዎ መሆኑን ያወቁበትን ወይም ማወቅ ይገባዎት የነበረውን ቀን ነው። ሐኪም ራጅዎን አይቶ «አስቤስቶስ አካባቢ ሠርተዋል?» ካለዎትና ሳንባዎ ላይ ያየው ከዚያ ሊሆን እንደሚችል ከነገረዎት፣ ሰዓቱ ያን ዕለት ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ቀኑን ይጻፉት። ከድርጅቱ ጋር መደራደርም ሰዓቱን አያቆመውም፤ የሚያቆመው ፍርድ ቤት የገባ ክስ ነው።

ሳያነቡ መፈረም

ስልክ የሚደውልልዎት የድርጅቱ የካሣ ጉዳይ ሠራተኛ ምንም ያህል ትሑት ቢሆን ደመወዙን የሚከፍለው ድርጅቱ ነው። የተቀዳ ቃል እንዲሰጡት የመስማማት ግዴታ የለብዎትም። በተለይ «የታወቀም ሆነ ያልታወቀ በሽታ» ከሚል ሰነድ ይጠንቀቁ፤ ለመስማት ችግር ጥቂት ገንዘብ ሲከፈል ወይም ከሥራ መልቀቂያ ጋር ተያይዞ ሊመጣ ይችላል። ሕጉ አሠሪውን ከኃላፊነት አስቀድሞ ነጻ የሚያደርግ ውል ዋጋ የለውም ይላል፤ ግን ለተፈጠረ ክርክር የተደረገ እርቅ ይጸናል፤ ድንበሩ የት ላይ እንደሆነ ፍርድ ቤቶች አንድ አይደሉም። ስለዚህ ቀድሞ ፈርመው ከሆነም «አለቀልኝ» አይበሉ፤ ወረቀቱን ለፌላ ጠበቃ ያሳዩ። ለአስቤስቶሲስ (ብናኙ ሳንባን የሚያጠባስስበት፣ ካንሰር ያልሆነ በሽታ) የሚስማሙ ከሆነ ወደፊት ካንሰር ቢመጣ መክሰስ እንዲችሉ በጽሑፍ ይጠበቅ፤ ብዙ ፍርድ ቤቶች ሁለቱን እንደተለያዩ በሽታዎች ያያሉ።

ማስረጃውን ለነገ ማለት

ለብናኝ መጋለጥ ብቻውን፣ ምልክት ሳይኖር፣ ለጭንቀት ካሣ አያስገኝም፤ ይህን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1997 ወስኗል። አስቤስቶሲስ የተረጋገጠበት ሰው ግን ስለ ካንሰር ያለው ስጋት እውነተኛና ከባድ መሆኑን ካስረዳ ለስጋቱም ሊካስ ይችላል፤ ይህም የዚያው ፍርድ ቤት የ2003 ውሳኔ ነው። ስለዚህ የምርመራ ሰነዱ ወሳኝ ነው። ከባዮፕሲ (ለምርመራ ከሰውነት ከተወሰደ ቁራጭ ሥጋ) የተረፈው ናሙና እንዳይጣል ሆስፒታሉን በጽሑፍ ይጠይቁ።

ሲጋራ ማጨስዎን አይደብቁ፤ የሕክምና ካርድዎ ላይ አለ፣ ከተደበቀ ደግሞ ሌላው ቃልዎም አይታመንም። ማጨስ የሜሶቴሊዮማ መንስኤ አይደለም። በሳንባ ካንሰርም ቢሆን የራስ ጥፋት ካሣውን በድርሻው ልክ ይቀንሰዋል እንጂ አያስቀረውም።

የሥራ ታሪክዎን ዛሬ ይጻፉ፦ የትኛው ዴፖ፣ ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው፣ ምን ይቆርጡ ነበር፣ ማን አጠገብዎ ነበር። በየድርጅቱ የሠሩባቸውን ወራት የባቡር ሠራተኞች ጡረታ ቦርድ መዝግቦ ይዟል። የሥራ ባልደረቦች አርጅተዋል፤ ቃላቸው በመሐላ ቶሎ ይቀረጽ፤ የታማሚውም እንዲሁ።

ከባቡር ድርጅቱ ውጭ አለማየት

በ1982 የኪሣራ ጥበቃ እንደጠየቀው ጆንስ ማንቪል ያሉ የአስቤስቶስ ዕቃ አምራቾች ለታማሚዎች የሚከፍል ፈንድ አላቸው፤ ለዚያ የተለየ ማመልከቻ ያስፈልጋል። የባቡር ሞተር ክፍሎችን አምራቾች በክፍለ ግዛት ሕግ መክሰስ ግን በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ2012 ውሳኔ ተዘግቷል። የጡረታ ቦርዱ የሕመም አበል ከፍሎ ከሆነ ከካሣው ላይ እንደሚያስመልስ አስቀድመው ያስሉ።

ሠራተኛው ካረፈ ክሱን የሚያቀርበው ፍርድ ቤት የሾመው የንብረቱ ወኪል ነው፤ ባለቤቱ ወይም ልጁ ያለ ሹመቱ መክሰስ አይችልም። ሟቹ በሕይወት ሳለ የእሱ 3 ዓመት አልፎ ከነበረ ደግሞ የቤተሰቡ የሞት ካሣ ጥያቄም አብሮ ይወድቃል።