ኦፕን ሶርስ ዳታቤዝ ላይ ፈዝ ቴስቲንግ እንዴት ይጀመራል

ዳታቤዝ የሚሰራ ሰው ቴስት ሲጽፍ ራሱ ያሰበውን ነገር ነው ሚፈትሸው፣ ዳታ የሚያበላሸው ባግ (የኮድ ስህተት) ደግሞ ማንም ባላሰበበት በኩል ነው ሚመጣው። ፈዝ ቴስቲንግ ላይ ኮምፒውተሩ ራሱ የተዘበራረቀ ግብዓት እየፈጠረ ፕሮግራሙን ያለማቋረጥ ይፈትነዋል፣ የተጀመረውም 1988 ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ባርተን ሚለር ለተማሪዎቹ በሰጠው ፕሮጀክት ነው። 2015 ላይ የደህንነት ተመራማሪው ሚካል ዛለውስኪ ኤኤፍኤል የሚባለውን የራሱን ፈዘር (ይሄን ፍተሻ የሚሰራ ፕሮግራም) ኤስኪውላይት የሚባለው ዳታቤዝ ላይ ለቆት ክራሽ የሚያደርጉ (ፕሮግራሙን በድንገት የሚጥሉ) 22 ግብዓቶች አገኘ፣ ኤስኪውላይት እኮ በቴስቱ ብዛት ሚታወቅ ፕሮጀክት ነው። ስለዚ የኛ ቴስት ይበቃል ብላችሁ አትተዉት።

1. መጀመሪያ አንድ መግቢያ ብቻ ምረጡ። የኤስኪውኤል ፓርሰሩ (በዳታቤዝ ቋንቋ የተጻፈውን ጥያቄ አንብቦ የሚተነትነው ክፍል) ወይ የዳታቤዝ ፋይሉን የሚያነበው ኮድ ጥሩ መነሻ ነው። ከፈዘሩ ባይት ተቀብሎ ለዛ ኮድ የሚሰጥ ትንሽ ፈንክሽን ትጽፋላችሁ፣ በቃ። ዳታቤዙ ሜሞሪ ላይ ይከፈት፣ በየዙሩ ከዜሮ ይጀምር፣ ሰዓትና ራንደም ቁጥርም የማይለዋወጡ ይሁኑ፣ አለዛ ዛሬ የተገኘ ክራሽ ነገ አይደገምም። የጊዜና የሜሞሪ ገደብም አድርጉለት፣ ምክንያቱም ፈዘሩ አንዱን ቴብል ከራሱ ጋ አስር ጊዜ ጆይን የሚያደርግ (የሚያጣምር) ኩዌሪ፣ ማለትም ለዳታቤዙ የሚላክ ጥያቄ፣ ይፈጥርና እዛው ተቸንክሮ ይቀራል።

2. በክላንግ ኮምፓይለር ስትኮምፓይሉ ላይብፈዘር የሚባለውን ፈዘርና የሜሞሪ ስህተት የሚይዘውን አድረስ ሳኒታይዘርን አብሩ፣ አሰርሽኖቹም (ኮዱ ራሱን የሚፈትሽባቸው መስመሮች) ክፍት ይሁኑ። ያለ ሳኒታይዘር ከድንበር ውጪ የተነበበ ሜሞሪ ምንም ሳይመስል ሊያልፍ ይችላል።

3. ለፈዘሩ መነሻ ምሳሌ ስጡት። ባይት ብቻ የሚቀያይር ፈዘር የሚፈጥረው አብዛኛው ጽሁፍ ፓርሰሩ በር ላይ ተመላሽ ይሆናል፣ ኦፕቲማይዘሩ (ኩዌሪው በምን መንገድ ቶሎ እንደሚሰራ የሚወስነው ክፍል) ጋ አይደርስም። ዛለውስኪ ያደረገው ሴሌክት፣ ዌር ምናምን የሚሉትን ቃላት በዲክሽነሪ (በቃላት ዝርዝር) መስጠት ነበር፣ ይሄ ብቻውን ብዙ ይረዳል። እኔ ግን ለጀማሪ ፕሮጀክት ይበልጥ የምመክረው ክሊክሀውስ የሚባለው ዳታቤዝ የሚሰራበትን መንገድ ነው፣ ሪፖው (የኮድ ማከማቻው) ውስጥ ያሉትን የቴስት ኩዌሪዎች ወስዶ ፓርስ ከተደረጉ በኋላ ያለውን ዛፍ (የኩዌሪውን አወቃቀር) እየቆራረጠና እየቀላቀለ አዲስ ኩዌሪ ይፈጥራል፣ የሚወጣው ነገር ሰዋስው ስላለው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ቴስቶቹም ድሮም እጃችሁ ላይ ናቸው።

4. ክራሽ ማግኘት ቀላሉ ክፍል ነው፣ እኔን በጣም ሚያሳስበኝ ዳታቤዙ ሳይወድቅ የተሳሳተ መልስ ሲሰጥ ነው፣ ምክንያቱም ተጠቃሚው አምኖ ይወስደዋል። ግን ኩዌሪው በዘፈቀደ የተፈጠረ ከሆነ ትክክለኛው መልስ የቱ እንደሆነ ማን ያውቃል? ለዚህ በስዊዘርላንዱ ኢቲኤች ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ማኑኤል ሪገርና ዠንዶንግ ሱ ያመጡት ዘዴ በጣም ያምራል። ደንበኞች የሚል ቴብል አለ እንበል። መጀመሪያ ያለ ምንም ማጣሪያ ሁሉንም ረድፍ አውጡ። ከዛ በሶስት ከፍላችሁ ጠይቁ፦ ዕድሜው ከ30 በላይ የሆነ፣ ከ30 በላይ ያልሆነ፣ ዕድሜው ስላልተሞላ መልሱ ነል (የማይታወቅ) የሚሆን። ኤስኪውኤል ውስጥ አንድ ሁኔታ እውነት ወይ ሀሰት ወይ ነል ነው ሚሆነው፣ ስለዚ ሶስቱ ሲደመሩ ከመጀመሪያው ጋ እኩል መምጣት አለባቸው፣ አንድ ረድፍ ከጎደለ ወይ ከተደገመ ባግ አለ ማለት ነው፣ ትክክለኛውን መልስ ማንም ሳያውቀው ባጉ ተያዘ። ሁኔታው ምንም ያህል ቢወሳሰብ ይሰራል። ኤስኪውላንሰር የሚባለው ክፍት መሳሪያቸው ይሄን ዘዴ ይዟል፣ ፖስትግሬስኪውኤል፣ ማይኤስኪውኤል፣ ዳክዲቢና ሌሎችም ላይ ይሄዳል።

5. የተገኘውን ነገር አሳንሱት። ሁለት ገጽ ኩዌሪ ወደ ሁለት መስመር እስኪወርድ ድረስ የማያስፈልገው ይቆረጥ፣ ተመሳሳይ ክራሾችም በአንድ ይጠቃለሉ፣ በበጎ ፈቃድ የሚሰራ ሜንቴነር (ፕሮጀክቱን የሚንከባከብ ሰው) ላይ ያልተጣራ ክምር መጫን ሰውየውን ማባረር ነው። ባጉ ከተስተካከለ በኋላ ደግሞ ያ ኩዌሪ ሪፖው ውስጥ ገብቶ ከመደበኛው ቴስት ጋ ሁሌ ይሩጥ። ኤስኪውላይቶች ፈዝቼክ በሚባል ፕሮግራም እንደዚህ ነው ሚያደርጉት፣ ከፈዘር የተሰበሰቡ የተመረጡ ኬዞችን ሰው ቴስት ባስነሳ ቁጥር ያስኬዳሉ፣ አንዴ የተያዘ ባግ ተመልሶ ሲመጣ ወዲያው ይታያል።

6. ፑል ሪኩዌስት (ለፕሮጀክቱ የቀረበ የኮድ ለውጥ) ላይ ፈዘሩ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ይሩጥ፣ ረጅሙን ሩጫ ሌላ ማሽን ላይ አድርጉት። ብዙ ተጠቃሚ ያለው ፕሮጀክት ከሆነ ጉግል ከ2016 ጀምሮ ለኦፕን ሶርስ በነጻ የሚሰጠው ኦኤስኤስ ፈዝ አለ፣ ቀን ከሌት ያስኬድላችኋል። ግን ባግ ሲያገኝ መጀመሪያ ለናንተ በሚስጥር ነው ሚልከው፣ ባይስተካከልም ከ90 ቀን በኋላ ለሁሉም ክፍት ይሆናል። ስለዚ ከማመልከታችሁ በፊት ሪፖርቱን ማን እንደሚቀበል ተነጋገሩ፣ አንዱ እረፍት ቢወጣ ሌላው እንዲያየው ቢያንስ ሁለት ሰው ይመደብ።