ፍሬሽ ልትቀበሉ ከወጣችሁ እነዚህን አታድርጉ

የትምህርት ሚኒስቴር ምደባ ወጥቶ ዩኒቨርሲቲዎች ጥሪ ማድረግ ሲጀምሩ፣ ዓመቱን ሙሉ ተኝቶ የከረመው የቀድሞ ተማሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ ድንገት ይነቃል። «ዘንድሮ ፍሬሾቹን እኛ ነን የምንቀበላቸው!» ይባላል፤ አዲስ ገቢ ተማሪዎቹን ማለት ነው። ብር ይዋጣል፣ ቲሸርት ይታዘዛል። ደግ ነገር ነው። ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ ወይ እንጅባራ ተምሮ የወጣ ሰው ሥራውን ትቶ መናኸሪያ ቆሞ፣ ለማያውቀው ልጅ ሻንጣ ሲያነሳ ማየት ደስ ይላል። ችግሩ አቀባበሉ ቶሎ ወደ ድግስ መቀየሩ ነው። ልጁ የሚፈልገው ድግስ ሳይሆን በስሙ የሚጠራው አንድ ሰው ነው። ጎጃም ውስጥ በየዓመቱ የሚደጋገሙትን ስህተቶች አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

ብሩን ባነርና ሞንታርቦ ላይ መጨረስ

ፍሬሽ ባነር አያነብም። ሌሊቱን ሳይተኛ ተሳፍሮ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ነው የሚደርሰው። ሞንታርቦው ቢጮህ የሚሰማው «ሻንጣዬን የት ላስቀምጥ» የሚለውን የራሱን ጭንቀት ነው። በዚያው ብር ጓጉንቸር ብትገዙለት ይሻላል። ዶርም ገብቶ ሎከር ሲሰጠው መጀመሪያ የሚጎድለው እሱ ነው። ውሃ፣ ቻርጀር መሰኪያ፣ ሰነድ ኮፒ የሚያደርግ ሰው፤ በቃ ይኼው ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ከቤቱ ሳይነሳ የሚደወልለት ስልክ ነው። «ስሜ እገሌ ነው፣ እዚያው ግቢ ነው የተማርኩት፣ መኪና ስትሳፈር ደውልልኝ» ማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ለአንድ በጎ ፈቃደኛ ከአምስት በላይ ልጅ አትስጡ። አሥራ አምስት የተሰጠው ሰው የአንዱንም ስም አይዝም።

ለሁሉም አንድ ዓይነት ምክር መስጠት

የጥሪ ማስታወቂያው «ብርድ ልብስ፣ አንሶላና የትራስ ልብስ ይዛችሁ ኑ» ይላል። ከጋምቤላ ወይ ከአሳይታ ለሚመጣ ልጅ ብርድ ልብስ ማለት ስስ ጨርቅ ሊሆን ይችላል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። እንጅባራ ደግሞ ብርዱ ላይ ዝናቡ ይጨመርበታል። በመጀመሪያው ሌሊት ጃኬቱን ለብሶ፣ ፎጣውን ደርቦ፣ ተጠቅልሎ የሚያድር ፍሬሽ ብዙ ነው። ስትደውሉለት «ይበርዳል» ብላችሁ አትለፉት፤ ይኼ ቃል ለሱ ምንም አይነግረውም። «ጠዋት ክላስ የምትሄደው በወፍራም ሹራብ ነው፣ ካልሲ አብዛ፣ ብርድ ልብሱን እዚህ ገበያ አብረን እንገዛለን» በሉት።

ባሕር ዳር ሌላ ነው። ከፍታዋ 1,800 ሜትር አካባቢ ነው፣ ሙቀት አለ፣ ጣና ዳር ስለሆነች ትንኝም ወባም አለ። እዚያ አጎበር ነው የሚነገረው።

ባሕር ዳር ላይ ሌላም ጣጣ አለ፤ ግቢው አንድ አይደለም። ፔዳ (የቀድሞው መምህራን ኮሌጅ) እና ፖሊ (ፖሊቴክኒኩ) በ1992 ዓ.ም. በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር እስኪጠቃለሉ ድረስ የየራሳቸው ተቋም ነበሩ፣ ዛሬም የየራሳቸው በር አላቸው። ዘንዘልማ የሚባለው ግቢ ደግሞ ዓባይን ተሻግሮ በጎንደር መንገድ ነው። «ዩኒቨርሲቲ አድርሰኝ» ያለ ልጅ ባጃጁ ደስ ያለው ቦታ ያወርደዋል፣ ከዚያ ሻንጣ ተሸክሞ ከበር በር መንከራተት ነው። በየትኛው ግቢ እንደተመደበ ከመምጣቱ በፊት አረጋግጡለት። ለባጃጁ ሊነግር የሚገባውን ስምም አስይዙት።

«እኛ ስንገባ…» ማለት

ይኼ ያረጀንበት በሽታ ነው። በቀን የምግብ በጀቱ 15 ብር የነበረበትን ዘመን ለፍሬሽ መተረክ ምን ይጠቅመዋል? ቀልድ ከሆነ ይሁን። ጉዳቱ የሚመጣው የድሮውን አሠራር እንደ መመሪያ ስንነግረው ነው።

ብዙዎቻችን በቀጥታ ዲፓርትመንት ነው የገባነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ግን የፍሬሽማን ዓመት ተመልሷል፤ ልጁ መጀመሪያ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ የመሳሰሉትን የጋራ ኮርሶች ይወስዳል፣ ዲፓርትመንት የሚመርጠው ከዚያ በኋላ ነው። ገና በር ላይ «ምን ዲፓርትመንት ደረሰህ?» ብላችሁ ስትጠይቁት ይደነግጣል፤ የሆነ ነገር ያመለጠው ይመስለዋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ መውጫ ፈተና አለ፣ እኛ የማናውቀው። የ12ኛ ክፍል ፈተናም ከዚያው ዓመት ወዲህ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲሰጥ ስለቆየ፣ የግቢ ዶርምና የግቢ እንጀራ ቀምሶ የመጣ ልጅ ሊያጋጥማችሁ ይችላል። «ሽሮው እንዲህ ነው» እያላችሁ ልታስገርሙት አትሞክሩ።

ሬሜዲያል የሚገቡትንም፣ ማለትም ማለፊያ ነጥብ ሳያመጡ ለማካካሻ ትምህርት የተመደቡትን፣ አትርሱ። በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ ሦስት ገደማ ብቻ ነበር፤ ሬሜዲያል የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እነዚህ ልጆች ገና አልፈው መቀጠል ይጠበቅባቸዋል፣ ጭንቀታቸውም ከፍሬሹ ይብሳል። ወረፋ ላይ «አንተ ሬሜዲያል ነህ? ወደዚያ!» ብሎ መጮህ ልጁን በሰው ፊት ማሸማቀቅ ነው። ዝም ብሎ አጠገቡ ሄዶ መንገር ይቻላል።

ልጁ የማታውቁትን ነገር ከጠየቃችሁ «ሬጅስትራር ሄደን እንጠይቅ» በሉት። አያሳፍርም።

ማስፈራራት

«ይኼ ዲፓርትመንት ይገድላል»፣ «ግማሾቻችሁ ገና ላይ ዲስሚስ ናችሁ»፣ «እገሌ የሚባል አስተማሪ አለ፣ ኤፍ እንደ ቆሎ ነው የሚበትነው»። ለእኛ ወሬ ነው፣ ተርፈናላ። ልጁ ግን ማታ አልጋው ላይ ሆኖ ያሰላስለዋል። አታድርጉት፣ አለቀ።

በ«ከየት ነህ?» መጀመር

ጥያቄው በራሱ ክፉ አይደለም፤ ጎጃም እንግዳ ሲመጣ «አገርህ ወዴት ነው?» ማለት ወግ ነው። ዛሬ ግን ከሩቅ ክልል የመጣ ልጅ ይኼን ጥያቄ በሌላ ጆሮ ሊሰማው ይችላል። መንገድ ላይ ስንት ነገር ሰምቶ፣ ቤተሰቦቹም «ተጠንቀቅ» ብለውት ነው የመጣው። መጀመሪያ ስሙን ጠይቁት፣ ከዚያ «ምሳ በልተሃል?» በሉት። አገሩን በራሱ ጊዜ ይነግራችኋል።

አማርኛ ሁሉም አይችልም፣ ወይ አቀላጥፎ አይናገርም። ቀስ ብላችሁ አውሩ። ከመካከላችሁ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ትግርኛ የሚችል ካለ የሱ ስልክ በዝርዝሩ አናት ላይ ይጻፍ። በአነጋገሩ መሳቅ፣ ፍቅር እንኳ ቢኖርበት፣ ለሌላ ጊዜ ይቆይ። ስትላመዱ እሱም በጎጃም አማርኛችን ይስቅባችኋል።

ሃይማኖትም እንዲሁ ነው። ረቡዕና ዓርብ ካፌ የጾም ምግብ መኖሩን ንገሩ፣ ቤተክርስቲያኑም መስጊዱም በየት በኩል እንደሆነ ንገሩ። ከዚያ ወዲያ ልጁን ወደራሳችሁ ማኅበር መጎተት አቀባበል አይባልም።

ሴት ፍሬሾች ላይ ማንዣበብ

ይኼን ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አይጽፈውም። ለወንዱ ፍሬሽ አንድ ሰው ሲጠፋ፣ ለቆንጆዋ ሻንጣ አራት ሰው ይሽቀዳደማል። «ስልክሽን ስጪኝ፣ የሚቸግርሽ ነገር ካለ…»፣ ማታ ደግሞ «ተኛሽ?» የሚል መልእክት። ዕድሜዋ 18 ወይ 19 ነው፣ ከቤቷ ወጥታ አታውቅም፣ የረዳትን ሰው «አይ» ማለት ደግሞ ነውር ይመስላታል። ውለታ ያስያዝካትን ልጅ ማሽኮርመም ምን ዓይነት ወንድነት ነው?

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ሴት ፍሬሾችን ሴት የቀድሞ ተማሪዎች ይቀበሉ። ሴቶች ካነሱ፣ ወንዱ ብቻውን ሳይሆን ጥንድ ሆኖ ይሂድ። ስልክ ቁጥሮች አስተባባሪዋ ጋ ብቻ ይቀመጡ። «ቡና ልጋብዝሽ» ያለ በጎ ፈቃደኛ በማግስቱ ቲሸርቱን ይመልስ። ልጅቷም ከመጀመሪያው ቀን ይኼ ይነገራት፤ ከአቀባበል ቡድኑ አንድ ሰው ቢያስቸግርሽ የምትደውይው ለእገሊት ነው ተብሎ።

ወላጅን በር ላይ ጥሎ መሄድ

ደብረ ማርቆስ በር ላይ የሚታይ ነገር ልንገራችሁ። አባት ከሸበል በረንታ ልጃቸውን ይዘው መጥተዋል። ጋቢ ለብሰዋል፣ ዱላቸውን ይዘዋል፣ በማዳበሪያ ከረጢት በሶና ድርቆሽ ቋጥረዋል። ጥበቃው «ወላጅ አይገባም» ይላል። በጎ ፈቃደኛው ሻንጣውን ተቀብሎ ልጁን ይዞ ውልቅ። አባት ከበሩ ማዶ ቆመው የልጃቸውን ጀርባ ያያሉ፤ አይሄዱም። ያ ልጅ ምዝገባ ወረፋ ላይ ቆሞ አሥር ጊዜ ወደ በሩ ይዞራል፣ ስሙ ሲጠራም አይሰማም።

እዚያ ጋ አንድ ሰው ያስፈልጋል። «አባቴ፣ እንደምን ዋሉ፣ ኑ ጥላው ሥር አረፍ ይበሉ» የሚል። ልጁ ዶርም ሲይዝ አልጋውን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይላክና አሳዩአቸው። ምን እንደሚበላ፣ ሚል ካርድ ምን እንደሆነ፣ ቢታመም የግቢው ክሊኒክ እንዳለ ንገሯቸው። ኮስት ሼሪንግ ሲባል ከብት ሽጡ ማለት የሚመስላቸው ወላጆች አሉ፤ ልጁ የሚፈርመው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ የሚከፍለውን ውል እንደሆነ አስረዷቸው። ከዚያ መናኸሪያ ሸኟቸው። «አደራ» ሲሏችሁ ደግሞ «ምንም አይሆንም!» ብላችሁ በባዶ አትማሉ። የምትችሉትን ብቻ ንገሯቸው፤ «በየሳምንቱ እደውልለታለሁ» ካላችሁ ደውሉ።

ኦርጅናል ሰነድ መቀበል

«አምጣ እኔ ላስመዝግብልህ» ብሎ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬት፣ ትራንስክሪፕቱንም ይዞ ወረፋ መግባት እርዳታ ይመስላል። አንዷ ወረቀት ከጠፋች ግን ልጁ ዓመቱን ሙሉ ሲመላለስ ይከርማል። ሌላው ነገር፣ መናኸሪያ ላይ እናንተን መስሎ የሚቀርብ ሌባ አይጠፋም። «ሰነድህን ለማንም፣ ለኔም ጭምር፣ አትስጥ» በሉት። ወረፋው ላይ ግን አብራችሁት ቁሙ።

ድህነቱን ፖስት ማድረግ

በላስቲክ ጫማ የመጣ ልጅ ብርድ ልብስ ሲቀበል ቪዲዮ ቀርጻችሁ ቲክቶክ ላይ ከለጠፋችሁ፣ በሳምንቱ ዶርሙ ሁሉ አይቶታል። ብርድ ልብሱን ስጡት፣ ካሜራውን ኪስ ክተቱት።

ቀኑ አለቀ ብሎ ድንኳን ማፍረስ

መግቢያ ሁለት ቀን ነው ከተባለ አብዛኛው ቡድን ሁለት ቀን፣ ያውም ከጠዋቱ 3 እስከ 10 ሰዓት ቆሞ ይበተናል። ከአዲስ አበባ በደጀን በኩል የሚመጣው መኪና ባሕር ዳር የሚደርሰው ግን ወደ ማታ ነው። በጸጥታው ምክንያትም መንገድ ይዘጋል፣ ልጁ መንገድ ላይ ባለ ከተማ ያድራል፣ ጥሪው ይራዘማል። ብዙ የሚቸገረው በሰዓቱ የመጣው አይደለም፤ ሦስት ቀን ዘግይቶ፣ ብቻውን፣ ዶርሙ ተደልድሎ ካለቀ በኋላ የሚደርሰው ነው። ምዝገባው እስኪዘጋ ድረስ ዝርዝሩን ይዞ «ማን አልመጣም?» እያለ የሚደውል አንድ ሰው ይቆይ። የተማሪዎች ዲን ቢሮንና የተማሪዎች ኅብረቱን ቀድማችሁ ካናገራችሁ፣ ዘግይቶ የመጣው ጉዳይ ላይም ሰሚ ታገኛላችሁ።

«ደውልልኝ» ብሎ መጥፋት

የመጀመሪያው ሳምንት ግርግር ነው፣ ልጁም አይከፋውም። የሚከፋው ወደ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው፤ በሶው አልቋል፣ ካፌው ሰልችቶታል፣ የመጀመሪያው ቴስት ውጤት ተለጥፏል። ያኔ እሱ አይደውልም፣ ያፍራል። እናንተ ደውሉ። ስትደውሉም «እንዴት ነህ?» ብላችሁ አትዝጉ፣ መልሱ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፣ ከዚያ ዝምታ። ዛሬ ምን በላህ? ከማን ጋር ነው የምታጠናው? ነን ካፌ ልትሆን፣ የግቢውን ካፌ ትተህ ውጭ ልትበላ፣ አስበሃል እንዴ? የዶርም ልጆችህ ስማቸው ማን ማን ነው? የዶርሙን ልጆች ስም መጥራት ካልቻለ፣ ብቻውን ነው ማለት ነው፤ በዚያው ሳምንት ግቢው አጠገብ ያለ ሰው ሄዶ ሻይ ይጋብዘው። ሥራ በዝቶባችሁ መቀጠል ካልቻላችሁም ልጁን ለሌላ ሰው በስም አስረክቡ፣ ለሱም ንገሩት።