ክሪሚናል ኬዝ ላይ አምስት ኮከብ እንዴት እንደማመጣ (እማዬ ያስተማረችኝ)

ብዙ ሰው ክሪሚናል ኬዝ የሚባለውን ጌም ይጀምርና ሁለተኛ ሦስተኛ ኬዝ ላይ ይተወዋል፣ ኢነርጂ (ለመጫወት የሚከፈለው አቅም) አለቀብኝ፣ እቃው አይታየኝም፣ እንግሊዝኛው ከበደኝ ነው የሚለው። እኔም እንደዛው ነበርኩ። ጌሙን ለማታውቁት፣ ፕሪቲ ሲምፕል የሚባል የፓሪስ ድርጅት እ.ኤ.አ በ2012 ፌስቡክ ላይ ያወጣው ነው፣ ግሪምስቦሮ በምትባል በምናብ የተፈጠረች ከተማ ፖሊስ ሆናችሁ ትቀጠራላችሁ፣ ሰው ተገድሎ ይገኛል፣ ጆንስ ከሚባለው ባልደረባችሁ ጋ ቦታውን ትፈትሻላችሁ፣ ተጠርጣሪ ታናግራላችሁ፣ መጨረሻ ላይ ገዳዩን ትይዛላችሁ። ግሪምስቦሮ ብቻዋን 56 ኬዝ አላት ስለዚህ አፈላለጉን ገና ከጅምሩ መልመድ በጣም ይጠቅማል።

ሲኑ (የተዘረዘሩ እቃዎች የምትፈልጉበት ስዕል) ሲከፈት ምናለሽ ተራ የገባችሁ ነው የሚመስላችሁ፣ እቃ በእቃ ላይ ተከምሮ ዓይን የቱ ጋ እንደሚያርፍ አያውቅም። አንድ ማታ አራት ኪሎ ቤታችን ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ እየተጫወትኩ ነው፣ እማዬ ደሞ አጠገቤ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅማለች። መቀስ አጥቼ ሰዓቱ እየሄደብኝ ስነጫነጭ "ምንድነው እሱ የምትፈልጊው?" አለችኝ፣ "መቀስ" አልኳት፣ ቀና ብላ አየችና "ይኸውልሽ ከወንበሩ እግር ጋ" አለችኝ፣ ሰፌዱን እንኳን አላስቀመጠችም!! እንዴት አየሽው ስላት "ምስር ስትለቅሚ ሰፌዱን ሙሉ ነው እንዴ የምታይው? ከአንድ ጥግ ትጀምሪና ትንሽ ትንሽ ወደራስሽ እየሳብሽ ነው እንጂ" አለችኝ። ከዛን ቀን ጀምሮ የምጫወተው እንደዛ ነው።

በተግባር እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከታች የተዘረዘሩትን ስሞች ሁሉንም አንብቧቸው፣ አንዱን ብቻ ይዛችሁ አትሩጡ። ከዛ ስክሪኑን በሐሳባችሁ አራት ቦታ ክፈሉትና ከላይ ከግራ ጀምሩ፣ አንዱን ጥግ ሳትጨርሱ ወደ ሌላው አትዝለሉ። ጠጠር ከምስር የሚለየው በቀለም ሳይሆን በቅርጽ ነው ትላለች እማዬ፣ እዚህም ቡናማ ቁልፍ ቡናማ በር ላይ ነው የሚለጠፈው፣ ነጭ ላባ ነጭ መጋረጃ ላይ፣ ስለዚህ ዓይናችሁ ቅርጹን ይፈልግ። ትልቅ እቃም ያመልጣል ደሞ፣ መሰላል ስትፈልጉ ትንሽ ነገር መሃል ታፈላልጋላችሁ እሱ ግን ግድግዳውን ሙሉ ይዞ ቆሟል። በተከታታይ ቶሎ ቶሎ ስታገኙ ነጥቡ ይባዛል ስትዘገዩ ይወርዳል፣ ለዛ ነው ሁለት ሦስት እቃ በዓይን ይዞ አከታትሎ መንካት የሚያዋጣው። ሂንት (እቃው የት እንዳለ የሚያሳያችሁ ፍንጭ) ካልጨነቃችሁ አትንኩት፣ ያልተጠቀማችሁበት ሂንት መጨረሻ ላይ ነጥብ ይሆናል።

ኮከብ የሚመጣው ነጥብ ሲጠራቀም ነው፣ ለዛ የሚረዳው ትልቁ ነገር ግን ይሄ ነው፣ አንድ ሲን ውስጥ ያሉ እቃዎች ቦታቸውን አይቀይሩም፣ የሚቀየረው የሚጠይቃችሁ ዝርዝር ነው። ሙሉ ኢነርጂ 110 ነው፣ አንድ ሲን 20 ይበላል፣ አምስት ጊዜ ትጫወቱና 10 ይተርፋል። አምስቱን አምስት ቦታ አትበትኑት፣ አንዱን ሲን ደጋግማችሁ ተጫወቱት፣ ሦስተኛው ዙር ላይ መቀሱ የት እንዳለ እጃችሁ ራሱ ያውቀዋል። ኮከብ ደሞ ለጌጥ አይደለም፣ ማስረጃ ለመመርመርም ተጠርጣሪ ለማናገርም አዲስ ቦታ ለመክፈትም የሚከፈለው ኮከብ ነው፣ ካለቀባችሁ ኬዙ ይቆማል።

እንግሊዝኛውን በተመለከተ ደብተር ያዙ፣ የምሬን ነው። ፓሮት በቀቀን ነው፣ ሆርስሹ የፈረስ ኮቴ ላይ የሚመታው ብረት ነው፣ አንዴ ከጻፋችሁት አይጠፋም። የሚያሳስቱት ሁለት ትርጉም ያላቸው ናቸው፣ ባት ሲላችሁ የሌሊት ወፍም ሊሆን ይችላል የቤዝቦል ዱላም፣ ቦው ቀስትም ነው የሪባን ቋጠሮም፣ ፓይፕ ቧንቧም ነው ፒፓም። አንዱን አጥታችሁ ከተጨነቃችሁ ሁለተኛውን ትርጉም ፈልጉ። እማዬ እንግሊዝኛ አታነብም ግን እኔ ወደ አማርኛ እየመለስኩ እጠራላታለሁ እሷ በጣቷ ታሳያለች፣ ሁለት ሆናችሁ ስትጫወቱ በጣም ይፈጥናል ሞክሩት።

ላብራቶሪ የሚገባ ማስረጃ ጊዜ ይፈጃል፣ የሬሳ ምርመራው 18 ሰዓት ድረስ ሊቆይ ይችላል። እኔ ማታ 3 ሰዓት ላይ አስገባዋለሁ፣ በማግስቱ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ከስራ ሳልወጣ አልቆ ይጠብቀኛል። ከፍታችሁ ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁት። መብራት ደሞ የሚሄድ የሚመጣ ከሆነ ሲን አትጀምሩ፣ እኔ አንዴ ሁለት እቃ ሲቀረኝ መብራት ሄዶ ዋይፋዩ አብሮ ጠፋና 20 ኢነርጂዬ ባክኖ ቀረ፣ ከዛ ወዲህ የስልኬን ዳታ ሳላዘጋጅ አልጀምርም።

ገዳዩን መያዝ ላይ ሰው የሚሳሳተው ፊቱን ያልወደደውን ስለሚከስ ነው። አትገምቱ። ምርመራው ስለ ገዳዩ አንድ አንድ ነገር እያወጣ ይሰጣችኋል፣ ቀኝ እጁን ይጠቀማል፣ ሲጋራ ያጨሳል፣ የደም አይነቱ ይሄ ነው እያለ። በየተጠርጣሪው ፕሮፋይል ላይ ያንኑ ታገኛላችሁ፣ አንዳንዱ በንግግር መሃል ነው የሚወጣው ስለዚህ ወሬውን ሳታነቡ አትለፉት፣ ልብሱ ላይ ያለውን ምልክትም ከፎቶው እዩ። እኔ ደብተሬ ላይ አምስቱን ስም ወደ ታች እጽፋለሁ፣ የገዳዩን ምልክቶች ወደ ጎን፣ የሚመሳሰለው ላይ ራይት አደርጋለሁ፣ አንድ እንኳን የማይገጥም ያለበትን በእስኪብርቶ እሰርዘዋለሁ። መጨረሻ ላይ ሁሉም ራይት የሆነለት አንድ ስም ነው የሚቀረው፣ ሁለት ከቀሩ ያላነበባችሁት ፕሮፋይል አለ ማለት ነው፣ የመያዣውን በተን ከመንካታችሁ በፊት ተመለሱና እሱን ክፈቱት።